«ወራጅ አለ!»

ይህ አእምሯቸው ከብዙው ሰው በተለየ መንገድ ስለሚሠራ ትንንሽ ልጆች ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ ለሞግዚቶችና ለወላጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ ነው። አንዳንድ ቀልድ ቀንሻለሁ፤ አነጋገሬን ግን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ገበያ አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ፣ ለቅሶም አይጠፋም። ሁሉን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስላይድ ምናምን አላዘጋጀሁም። የምነግራችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ከ4 ዓመት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ስውል ያየሁትን ነው።

በአንድ ልጅ ልጀምር። ስሙን አልናገርም። 4 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ነው የመጣልን። አያወራም ተባልን። «እማ» ይላል፣ «ውኃ» ይላል፣ በቃ። በሦስተኛው ቀን ፊደል እያስቆጠርኩ ነው፤ 42 ልጅ በአንድ አፍ «ሀ ሁ ሂ» ሲል ቆርቆሮው ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ከኋላ በኩል፣ ጥርት ባለ የአዋቂ አነጋገር፣ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅሁ። «ይሄ ልጅስ ረዳት ነው የሚሆነው» አልኩ። በማግስቱም አለ። ሳምንት ሙሉ አለ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ተናደድኩ፤ ትምህርት እያስፈታብኝ ነው። «ዝም በል!» ስለው ሁለት ጆሮውን ይዞ «ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ» እያለ አለቀሰ።

ነገሩ የገባት ሞግዚታችን ናት። ኮሌጅ የገባሁት እኔ ነኝ፣ የገባት ግን እሷ ናት። «ቲቸርዬ፣ ይሄ ልጅ እኮ አውርዱኝ እያለ ነው» አለችኝ።

አስቡት እስቲ። በየቀኑ ከእናቱ ጋር በሚኒባስ ታክሲ ነው የሚመጣው። ታክሲው ይሞቃል፣ ሰው ይጋፋል፣ ዘፈን ይጮሃል። አንዱ «ወራጅ አለ» ሲል ታክሲው ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ አየር ይገባል። ልጁ ይህንን አይቶ ይዞታል፤ ይቺ ቃል በር ታስከፍታለች ብሎ። እኛ «አያወራም» እያልን፣ እሱ በሚያውቃት ቃል፣ ደግሞም ልክ በሚገባው ቦታ፣ ከዚህ ጫጫታ አውጡኝ እያለን ነበር።

የሰሙትን ቃል በቃል መልሶ ማለት ኢኮላሊያ ይባላል። ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። ድሮ ዝም ብሎ መለፍለፍ ነው ይባልና ልጁን ማስተው ነበር ሥራው። አሁን ብዙ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች የሚያዩት እንደ መነጋገሪያ መንገድ ነው። እና ልጁ የማስታወቂያ ዜማ ሲደግምላችሁ፣ የካርቱን ንግግር ሲያመጣባችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ይህችን ቃል መጀመሪያ የት ሰማት፣ ያኔ ምን እየሆነ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አብዛኛውን ጊዜ እናት ታውቀዋለች።

በእንግሊዝኛ ለእነዚህ ልጆች ሰፋ ያለ ስም ወጥቶላቸዋል፤ ኒውሮዳይቨርጀንት ይሏቸዋል። አእምሯቸው ከብዙው ሰው በተለየ መንገድ የሚሠራ ለማለት ነው። ኦቲዝም ያላቸው አሉበት፣ ኤዲኤችዲ ያላቸው፣ ማለትም ትኩረት መያዝና ረግቶ መቀመጥ የሚቸግራቸው፣ አሉበት፣ ሌሎችም አሉ። በእኛ በኩል ስሙ ብዙ ነው፦ ቅብጥ፣ ባለጌ፣ ፈዛዛ፣ ዱዳ፣ እልኸኛ፣ «ወንድ ልጅ እኮ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ኦቲዝም አለበት» ነው የምንለው። «አለበት» ለዕዳና ለበሽታ የምንጠቀምበት ቃል ነው። እኔ «ኦቲዝም ያለው» ማለት ለምጃለሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን እናት ፊት ስትናገሩት ልዩነቱን ፊቷ ላይ ታዩታላችሁ።

ስንት ናቸው? የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲጠቅሰው የኖረው ግምት ከ100 ልጆች አንዱ ኦቲዝም አለው የሚል ነው። ኤዲኤችዲ ደግሞ ከ100 ልጆች አምስት ገደማ እየተባለ ነው የሚጠቀሰው። 300 ልጅ የሚማርበት መዋዕለ ሕፃናት ይዛችሁ «እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት ልጅ የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ አላያችኋቸውም፣ ወይ በር ላይ መልሳችኋቸዋል።

ስለ መመለሱ ትንሽ ልበል። «ቦታ ሞልቷል» ይባላል፤ ያቺው እናት ከበሩ ሳትርቅ ለሌላ ልጅ ቦታ ይገኛል። ወይም «ሻዶው ቲቸር ቀጥረው ካመጡ እንቀበላለን» ይባላል፤ አንድን ልጅ ብቻ ከጎኑ ሆና የምትረዳ ማለት ነው፤ ክፍያው በወላጅ ነው። ጎበዝ ሻዶዎች አይቻለሁ፣ አልክድም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ልጁና ሻዶዋ ኋላ ጥግ ላይ ሁለት ሆነው ሌላ ትምህርት ቤት ይከፍታሉ፤ መምህሯም የእኔ ተማሪ ነው ማለቷን ትተዋለች። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፤ ከመደበኛው ትምህርት ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳይገለል ይላል። ዳይሬክተሮች፣ አንብቡት።

አሁን ወደ ጠዋቱ እንሂድ፤ ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። ልጅ በ4 ሰዓት ወይም በ5 ሰዓት ሲፈነዳ እናያለን። የተሞላው ግን 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

የእኛ ጠዋት ምን ይመስላል? ልጁ ከታክሲ ይወርዳል። በር ላይ ጥበቃው ጉንጩን ይቆነጥጡታል፣ በፍቅር ነው። ከዚያ ሰልፍ። ማይኩ ይጮሃል፣ ደግሞ ያፏጫል። መዝሙር፣ ባንዲራ፣ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች፣ የፊተኛውን ትከሻ ያዙ፣ ከኋላ ያለው ይገፋል። አንገቱን የሚበላው አዲስ ሹራብ አለ። ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ 42 ልጅ። ለብዙዎቹ ይሄ ደስታ ነው። ድምፅና ንክኪ ከሌላው ሰው እጥፍ ድርብ ሆኖ ለሚሰማው ልጅ ግን ፊደል ገበታው ፊት የሚደርሰው ቀኑ ካለቀበት በኋላ ነው።

ያደረግነው ይህ ነው፤ ብር አልጠየቀም። ያ «ወራጅ አለ» የሚለው ልጅ ሰልፍ ላይ መጀመሪያ ከማይኩ ርቆ፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ከሞግዚቷ ጋር ቆመ። የሹራብ ኮፍያ ጆሮው ድረስ አጠለቅንለት። ዳይሬክተሯ «ሌሎቹም ኮፍያ ይሉናል» አለች። ሁለት ልጆች ጠየቁ፤ አደረጉ፣ በሦስተኛው ቀን ሰለቻቸው። እናቱ የሹራቡን የአንገት ምልክት በመቀስ ቆረጠችው። ጥበቃውን ጋሼን ደግሞ እንዳይነኩት ለመንናቸው። ትንሽ ቅር አላቸው፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲያ በሩቁ ኮፍያቸውን ብድግ እያደረጉ ሰላም ይሉት ጀመር። እሱም በሦስተኛው ወር አካባቢ የራሱን ኮፍያ ብድግ አደረገላቸው። ጋሼ ያን ቀን ሻይ ጋበዙን።

ሰላምታ ካነሳን አይቀር፤ «ጋሼን ሳማቸው፣ እትዬን ሳማት» የሚለውን ነገር ላላ ብናደርገው ምናለ? መሳም የሚያሳምመው ልጅ አለ። አንገቱን ሰበር ቢያደርግ፣ እጁን ቢያውለበልብ ሰላምታ ነው። ደግሞ አንድ ልብ በሉልኝ። ኦቲዝምን ለመለየት ከውጭ የመጡት መጠይቆች «ልጁ ዓይን ለዓይን ያያል ወይ?» ይላሉ። እኛ ጋ ትልቅ ሰውን ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው፤ ዓይኑን የሚሰብር ልጅ «ጨዋ» ይባላል። ስለዚህ መምህሩም ቤተሰቡም ምልክቱን ያልፉታል፣ ወይም ደግሞ ዓይን አፋሩን ልጅ በስህተት ይጠረጥሩታል። እኔ የማየው ከእኩዮቹ ጋር ነው። አንድ የሚያስደስት ነገር ሲያይ ጓደኛውን ዞር ብሎ «አየህ?» በሚል ዓይን ያየዋል ወይ? ከመጠይቁ ይልቅ ይቺ ብዙ ነግራኛለች።

ሌላው የሚያታልለን ፊደል ነው። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ ገና 4 ዓመቷ፣ 33ቱን በሰባት በሰባት፣ 231ዱን ፊደል አንድም ሳትስት ትለዋለች። ከታች ወደ ላይም ትወጣዋለች። ዘመድ አዝማድ «ይቺ ልጅማ ሊቅ ናት» ይላል። ውኃ ሲጠማት ግን ውኃ ስጡኝ ማለት አትችልም፤ እጄን ይዛ ወደ ጀሪካኑ ትጎትተኛለች። ፊደሉን ስላወቀች ምንም ችግር የለም ተብሎ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ተባለ። እኔም ዝም ካሉት አንዷ ነኝ።

ወደ ክፍሉ እንግባ። ካርቶን ቆረጥን፤ የዘይት ካርቶን ነው። በማርከር ሥዕል ሣልንበት፦ ሰልፍ፣ ፊደል፣ መክሰስ፣ ጨዋታ፣ ምሳ ዕቃ፣ እንቅልፍ፣ ቤት። የእኔ ሥዕል ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፤ እንቅልፉ ሬሳ ነው የሚመስለው ብለውኛል። በተራ ግድግዳው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። አንዱ ሲያልቅ ይነሳል። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት «ቤት» የሚለውን ካርድ ነቅሎ ቀኑን ሙሉ ይዞት ዋለ። አልቀማነውም። ያ ካርድ እጁ ውስጥ ካለ ቤት መሄድ የሚባል ነገር አለ ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ከዚህ ቦታ መቼም የማይወጣ ይመስለው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አዋቂ ሰው እንኳ ቢሮ ተሰልፎ ተራው መቼ እንደሚደርስ ካልተነገረው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ሥራ ሲለወጥም በድንገት አንለውጥም። «ሁለት ጊዜ ከዘለላችሁ በኋላ እጅ መታጠብ» እንላለን፣ ጣት እያሳየን። አጭር ነው የምንናገረው። መጀመሪያ ይሄ፣ ቀጥሎ ያ።

ከመምህሯ ጠረጴዛ ሥር ደግሞ አሮጌ ፍራሽ አነጠፍንና በነጠላ ጋረድነው። ሲበዛበት እዚያ ይገባል። ይቺ ቦታ የቅጣት ቦታ እንዳትሆን! «ረበሽክ፣ ግባ» ካላችሁ ሁለተኛ በፈቃዱ አይገባባትም። መግባት ለሁሉም ልጅ ይፈቀዳል። እኔም አንድ የወር መጨረሻ ቀን ልገባ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ስለ ለቅሶው። ማልቀስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፈልጎ የሚያለቅስ ነው፤ በጣቶቹ መሀል እያያችሁኝ ነው ወይ ብሎ ያያችኋል፣ የፈለገውን ስትሰጡት ያቆማል። ሁለተኛው ሞልቶበት የፈነዳ ነው፤ የፈለገውን ብትሰጡትም አያቆምም፣ ማቆም ራሱ ስለማይችል። ለሁለተኛው ምክርም ቁጣም አይገባም። እኛ አገር ደግሞ ልጅ ሲጮህ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ወጥ ቤቷ ማማሰያዋን እንደያዘች ትመጣለች፣ ጥበቃው ይመጣል፣ ዳይሬክተሯ ትመጣለች፤ «ምን ሆነ? ማነው የነካህ? አይዞህ! ከረሜላ ስጡት! ጸበል ይረጭ!» ሁሉም ከደግነት ነው። ልጁ ግን ድምፅ በዝቶበት ነው የፈነዳው፤ ስድስት ሰው እየጮኸበት እንዴት ይብረድለት? አንድ ሰው ብቻ ይቅረብ። ዝም ይበል። ከጎኑ ቁጭ ይበል። ሌሎቹን ልጆች ሌላ ሰው ያውጣቸው። ቁንጥጫና ኩርኩሙን አላነሳም፤ እሱ በማንኛውም ልጅ ላይ መቅረት ያለበት ነገር ነው።

ኤዲኤችዲ ያላቸውን ልጆች በአጭሩ። «ቁጭ በል» የሚለው ቃል ለእነሱ አይሠራም፣ ቢጮኽም አይሠራም። ሥራ ስጧቸው። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ወንበር ላይ አይቆይም። ፖስታ አስይዤ ላክሁት። ባዶ ፖስታ ለጋሼ ይወስዳል፣ ጋሼ ደግሞ አክብረው ይቀበሉና ሌላ ባዶ ፖስታ ይዞ እንዲመለስ ያደርጋሉ። በቀን አራት ጊዜ። ሲመለስ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። እስከ ዛሬ ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቆኝ አያውቅም።

አንዳንዶቻችሁ 42 ልጅ ይዤ ለአንዱ ብቻ እንዴት ልሁን ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ቁጥሩ ይበዛል፣ ደሞዙም እንደምታውቁት ነው። ግን ካርቶኑን ያየው እሱ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያው ወር እናቴ መቼ ትመጣለች እያሉ የሚያለቅሱት ሁሉ ወደ ካርቶኑ መሄድ ጀመሩ። ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤትን አስታውሱ። የኔታ ሁሉንም ልጅ አንድ ቦታ አያስነብቡም ነበር። አንዱ ሀ ሁ ላይ ነው፣ አንዱ አቡጊዳ ላይ፣ አንዱ ዳዊት ደግሟል፤ ትልቁ ትንሹን ያስቀጽላል፣ ልጁም የሚያልፈው ያለበትን ሲያውቅ ነው። አለንጋውን አይደለም የማመሰግነው። ልጅ በራሱ ልክ መሄዱን ነው፤ እሱ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ አንዲት እናትን በር ላይ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ «ልጅሽ ኦቲዝም ነው መሰለኝ፣ አሳዪው» አልኳት። እንደ ዋዛ። ምንም አላለችም፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ሄደች። ልጁ ሦስት ሳምንት ቀረ። የረዳኋት መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ምን እንደጠበቃት አስቤ አላውቅም፦ አማቷ «በእኛ ዘር የለም» የሚሏት፣ ጎረቤቷ ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው የምትላት፣ ባሏ ዝም የሚላት። እናትን መውቀስ ደግሞ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን አስተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እዚያም ጥፋቱ ፍቅር የነሷቸው ቀዝቃዛ እናቶች ነው ይባል ነበር። ዛሬ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የዘረመል ጉዳይ እንደሆነ ይታወቃል። የእናት ጥፋት አይደለም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ስም አልሰጥም። ደብተር እይዛለሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር። እናትን ለብቻዋ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን። የምጀምረው ልጁ በሚወደው ነገር ነው። «ቤትስ እንዴት ነው?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ እሷ ራሷ ናት «እኔም እኮ እፈራ ነበር» የምትለው። ያኔ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ደብተሩን ይዛ እንድትሄድ እነግራታለሁ፤ መስማቱም ይታይ፣ አንዳንዱ ልጅ ጆሮው ነው። ጸበል እወስደዋለሁ ካለች ውሰጂው እላለሁ። ትምህርቱን ብቻ አታቋርጪው።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። ከአሜሪካ ተመልሳ፣ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የነበራት ሴት፣ ልጇን የሚይዝላት ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈተች። በፊደላችን ድምፆች ላይ የቆመ፣ አቡጊዳ ፎነቲክስ ያለችውን የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጀች። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈች። በቴሌቪዥን ወጥታ «ልጄ ኦቲዝም አለው» ማለቷ ስንቱን ከጓዳ እንዳስወጣ የሚያውቁት ልጃቸውን ቆልፈውበት የኖሩ ናቸው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ወላጆች ናቸው ተሰባስበው ያቆሙት። ማዕከላቱ ግን ሁሉንም ልጅ አይችሉትም፤ ብዙው ያለው እናንተ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለ «ወራጅ አለ» ልጅ ልጨርስላችሁ። ያን ጊዜ ምን አደረግን? በሩን ከፈትንለት። «ወራጅ አለ» ሲል ሞግዚቷ ተነስታ ትከፍትለታለች፣ ወጥቶ ቧንቧው ጋ ውኃ ሲንጠባጠብ ያያል፣ አምስት ደቂቃ፣ ይመለሳል። ብዙ ሰው «ካስለመዳችሁት ውጭ ነው የሚውለው» ብሎን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አሥር ጊዜ ወጣ። በሁለተኛው ወር ሁለቴ። በሩ እንደሚከፈት ካወቀ በኋላ ውስጥ መቆየት ቻለ።

አንድ ቀን፣ ግንቦት ላይ ይመስለኛል፣ ጣሪያው ግሏል፣ ክፍሉ ታፍኗል። አንዲት ልጅ አለች፣ ዝምተኛ፣ ሽንቷ ሲመጣ ለመናገር አፍራ ብዙ ጊዜ እላይዋ ላይ የምታመልጣት። ከመሀል ሆና በቀጭን ድምፅ «ወራጅ አለ» አለች። እኔ ገና ዞር ሳልል እሱ ተነሳ። ሄዶ በሩን ከፈተላት። ልታልፍ ስትል እጁን ዘረጋና «ሒሳብ» አላት።